ከከበሮው ይነሳ

የመቃብር ድንጋዩ በእናቱ አልጋ ላይ ነጭ አንሶላ ለብሶ ተኝቷል። ጋርኔት ኩዋሺ ራሱ ነው የሠራው። ሲሚንቶውን ያቦካው፣ ሣጥን ውስጥ ያፈሰሰው፣ «ዩላሊ ኩዋሺ» የሚለውን ፊደል በመሮ የቀረጸው እሱ ነው። ጠዋት ከጓደኛው ከክሌቪስ ጋር ተሸክመው ሲያስገቡት ክሌቪስ «በሕይወት እያለችም እንዲህ በቀላሉ አትነሳም ነበር» ብሎ ቀለደ። ጋርኔት አልሳቀም። ክሌቪስ ቀልዱ ሳይሳቅለት ሲቀር አይወድምና ደገመው። አሁንም አልሳቀም።

የጨነቀው ድንጋዩ አይደለም። በካሪያኩ ደሴት ላይ ከቆሙት የመቃብር ድንጋዮች ግማሹ የእሱ የእጅ ሥራ ነው። ድንጋይ የሟቹ አልጋ ላይ አድሮ በማግስቱ ሲደገስለት፣ ሲበላለትና ሲጨፈርለት ስንቱን አይቷል። የጨነቀው ሌላ ነገር ነው። ነገ ከሰዓት በኋላ የሃርቪ ቬይል መንደር ሰው ሁሉ እያየው የጭፈራው ክብ መሀል ገብቶ የአባቱን ነገድ ጭፈራ መጨፈር አለበት። አባቱ ማን እንደሆነ ግን አያውቅም።

ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው። እንደኛ ባለ ደሴት፣ ሰው ቁርሱን ሳይበላ ምን እንደሚበላ ጎረቤቱ በሚያውቅበት አገር፣ እንዲህ ያለ ነገር ሊደበቅ አይችልም። አባቱን እንደማያውቅማ ሁሉም ያውቃል። እሱ የደበቀው ማፈሩን ነው።

ነገድ የሚሄደው በአባት ነው። የጥንቶቹ በባርነት መርከብ ታጭቀው ሲመጡ ያልተቀሙት ነገር ቢኖር የነገዳቸው ስምና የከበሮ ምቱ ነው። ክሮማንቲ፣ ኢግቦ፣ ማንዲንጎ፣ ተምኔ፣ ቻምባ፣ ሁሉም የየራሱ ምት አለው። ከበሮው ያንተን ሲጠራ ትነሳለህ፣ የሌላውን ሲጠራ ቁጭ ትላለህ። የአምስት ዓመት ልጅ እንኳን አይሳሳትም።

ጋርኔት አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው በአንድ ድግስ ላይ የሰፈሩ ልጆች ተራ በተራ ሲነሱ እሱ ብቻ እስከ መጨረሻው ተቀምጦ ቀረ። አንዲት ልጅ «ምነው፣ እግርህን አሞሃል?» አለችው። ያቺ ልጅ ዛሬ ስድስት የልጅ ልጅ አላት፣ የተናገረችውንም ረስታዋለች። እሱ አልረሳም። በዓመቱ ከበሮ ተማረ። መሪ ከበሮ የሚመታ ሰው አይነሳማ! ይህን ደግሞ ማንም ልብ አይልም። የሰው ሁሉ ዓይን ጨፋሪው ላይ ነው፣ የመቺው ዓይን ደግሞ የጨፋሪው እግር ላይ። የጎረቤት መንደሩ የሌስቴር መርከበኛ ካፒቴን ሞርቲመር ቤዶ በዚያ ዘመን ለመንደራችን ሁሉ ባዶ የሩም አረቄ በርሜል ያመጣ ነበርና ከትንንሾቹ አንዷ እናቱ እጅ ገባች። በእሷ ላይ የሴት ፍየል ቆዳ ወጠረባት። ለሁለቱ አጃቢ ከበሮዎች የወንዱ ቆዳ ይበቃል፣ መሪው ግን የሴት ካልሆነ አይናገርም። ያ ከበሮ ዛሬም አለ። ጋርኔት አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ በጉልበቶቹ መሀል ይዞት ተቀምጧል።

አሁን ግን ተነሳ ተብሏል። ያዘዘችው ደግሞ እምቢ የምትባል ሰው አይደለችም።

ነገሩ የጀመረው ከአንድ ወር በፊት ነው። ጎረቤቱ ኢዶሪን ገና ሳይነጋ አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ ጠራችው።

«ጋርኔት! ኧረ ቆይ እስቲ! እናትህ ሌሊት እኔ ዘንድ መጥታ ነበር።»

«ምን አለች?»

«ያቺን ቢጫ ቀሚሷን ለብሳ፣ ምን የመሰለች ሆና! ቁጭ በይ ብላት እምቢ አለች፤ ቆማ ነው የነገረችኝ።»

«ምን አለች ነው የምልሽ፣ ኢዶሪን?»

«አትቆጣኝ! የላከችኝ እሷ ናት። ድንጋዬን አቁሙልኝ አለች። ነጭ አውራ ዶሮ፣ የበቆሎ ገንፎ፣ ሩዝ ደግሞ ተድቦልቡሎ። ዓሣው ጨው እንዳይበዛበት አለች።»

«እሺ። ሌላስ?»

ኢዶሪን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ኢዶሪን ድምፅዋን ዝቅ ስታደርግ ነገር አለ ማለት ነው።

«'ጋርኔት ከከበሮው ይነሳ' አለች።»

«ለምን ለእኔ ራሷ አትነግረኝም?»

«እኔ ምን አውቄ! አንተ እንደሆንክ ስትተኛ ታንኮራፋለህ። እዚህ ድረስ ይሰማኛል እኮ። በምን ጆሮህ ትሰማታለህ?»

ሙታን በሕልም የጠየቁትን የከለከለ ሰው በኋላ ጉልበቱ ቢያብጥ፣ ፍየሎቹ ቢያልቁበት ማንንም አይወቅስም። ጋርኔት ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ፣ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ነው። ቢሆንም ይህን ለመሞከር የሚደፍር ልብ የለውም። በዚያ ላይ እናቱ ናት። የድግሱን ቀን ቆረጠ፣ ድንጋዩንም መሥራት ጀመረ። «ይነሳ» የምትለዋ ቃል ግን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰንቅራ ቀረች።

በሕይወቷ ሳለች ሦስት ጊዜ ጠይቋታል። በሃያ ዓመቱ፣ ሊያገባ ሲል፣ ሚስቱ የሞተች ጊዜ ደግሞ። ሦስቱንም ጊዜ መልሷ አንድ ነው።

«ስንት ጊዜ ልንገርህ?» ትለዋለች።

አንድም ቀን ነግራው አታውቅም! በዚህ ደሙ ይፈላል። የመጨረሻው ጊዜ «መቼ ነው የነገርሽኝ? በሕልሜ ነው?» ብሎ ጮኸባት። እሷ አተሩን መፈልፈሏን ሳታቆም «አንተ አትሰማም» አለችው። ጋርኔት ያን ቀን፣ እርጅናው ጀመራት ብሎ ደመደመ።

ዩላሊ እንግዲህ እንዲህ ያለች ሴት ነበረች። በሰው ድግስ ሁሉ መሬቱን የምታረጥበው እሷ ናት። ጭፈራው ሲጀመር፣ የቀደሙት ሙታን እንዳይጠማቸው፣ በአንድ እጇ ውሃ በአንድ እጇ ሩም ይዛ ክቡን እየዞረች ጠብ ጠብ ታደርጋለች። ስትዞር ስትዞር በየድግሱ አንድ ጊዜ ልጇ ዘንድ ትደርስና ግራ እግሩ ላይ ታፈስበታለች። ከበሮ መቺዎቹ ባዶ እግራቸውን ናቸውና ቀዝቃዛው ውሃ አከርካሪው ድረስ ይወጣል። ጋርኔት ዓይኑን ከጨፋሪው እግር ሳያነሳ እግሩን ሰብሰብ ያደርጋል። ለበረከት ብላ ነው ይላል በልቡ፣ ወይም ልታስቀኝ።

አንድ ጊዜ ብቻ ተቀያይመዋል። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት የካፒቴን ሞርቲመር ቤዶ ድንጋይ ሲቆም ነው። ድንጋዩን የሠራው ጋርኔት ነው፣ ከበሮውንም የመታው እሱ ነው። ጭፈራው ደርቶ ሳለ እናቱ መጥታ ጠብታ ሳይሆን ሙሉ ጠርሙስ ገለበጠችበት። ውሃው እግሩን አልፎ ቆዳው ላይ ተረጨ። የረጠበ ቆዳ ይላላል፣ ድምፁም ይሞታል። የካፒቴኑ ሰባት ልጆች በተሰለፉበት፣ ሌስቴር በሙሉ ባለበት ከበሮው እንደ ጎመን ድስት ደነቆረ። ጋርኔት ሙያው ነውና ራሱን መግዛት አልቻለም።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሰክረሻል እንዴ?» ብሎ አምባረቀባት።

እሷም ባዶውን ጠርሙስ አስቀምጣ ሴቶቹ ዘንድ ሄዳ ተቀመጠች። በማግስቱ ይቅርታ ሊጠይቃት አስቦ ነበር፣ ነገር ግን አንድ ማገር ሊያነሳ ሄደ፣ ከዚያ ዘነበ፣ ከዚያም ረሳው። በቀጣዩ ድግስ እንደገና መጥታ እንደ ድሮዋ ጠብ አደረገችበት። የሆነው እንዳልሆነ ተቆጠረ።

እና አሁን ማንን ይጠይቅ? መጀመሪያ የሄደው ሂልስቦሮ ከተማ፣ ሚስ ፕሪምሮዝ ቤት ነው። ሚስ ፕሪምሮዝ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ሳሎናቸው የድሮ መርከብ መልሕቅ፣ የተሰባበረ ሸክላ፣ የሰው ሁሉ ፎቶግራፍ ሞልቶት መቀመጫ የለም። የደሴቱን ቤተሰቦች ነገድ በሃያ ዓመት ውስጥ ቤት ለቤት እየዞሩ በደብተር መዝግበዋል።

መነጽራቸውን አደረጉና በጣታቸው እየወረዱ አነበቡለት። «ኮምፕተን፣ ክሮማንቲ። ኢኖ፣ ማንዲንጎ። ቤዶ፣ ቻምባ። ኩዋሺ፣ ኢግቦ፤ ይኼ የእናትህ ወገን ነው።»

«የኔስ አለ?»

«ለምን አይኖርም? ይኸው። ጋርኔት ኩዋሺ፣ ነገድ...» ብለው ቆሙ።

«ነገድ?»

«ከበሮ መቺ።»

«ይኼ ምን ማለት ነው፣ ሚስ ፕሪምሮዝ?»

«እኔንማ አትጠይቀኝ! ያልከኝን ነው የጻፍኩት። ነገድህ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቅህ 'እኔ ከበሮ መቺ ነኝ' አልከኝና ፊትህን አዞርክ። እርሳስ ነው፣ ከፈለግህ ይጠፋል።» ላጲሱን አንስተው ሲያዩት ግን የሚጻፍ ነገር እንደሌለ ገባቸው። መልሰው አስቀመጡት።

ከዚያ ሰው ሁሉ ታንቲ፣ አክስቴ፣ የሚላቸው ኤልዲካ ዘንድ ወጣ። ታንቲ ኤልዲካ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። በየድግሱ ዘፈን የሚያወጡት አሁንም እሳቸው ናቸው፣ እናቱንም ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቋታል። ከበረንዳቸው ሆነው ዳገቱን ሲወጣ አይተውት ኖሮ ገና ሳይቀመጥ ጀመሩ።

«መጣህ? ከቀብሩ ማግስት ትመጣለህ ብዬ ነበር። ሦስት ዓመት ፈጀብህ።»

«ታንቲ፣ ለምን እንደመጣሁ ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ። አልነግርህም።»

«ምን አደረግኩዎት?»

«አንተ ምን ታደርገኛለህ? እኔም እጄን መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ አድርጌ ምያለሁ፣ ከእናትህ ጎን ቆሜ። በል ዝም በል፣ አፌን አታስከፍተኝ።»

ጋርኔት ከዚህ በላይ መጠየቅ እንደማይገባው ያውቃል። በእኛ ዘንድ የሰውን አባት ስም የምትናገር እናቱ ብቻ ናት። ሌላ ሰው ከተናገረው ከሁለት ቤት መቃብር ጋር ተጣላ ማለት ነው፣ ያንን ደግሞ ወሬኛዋ ኢዶሪን እንኳን አትደፍረውም። ቢሆንም ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ አልነሳ አለ። ትልቅ ሰው ሆኖ እንባው ሊመጣ ቃጣው።

«እና ነገ ምን ላድርግ፣ ታንቲ? ሰው ፊት እንደ ግንድ ልቁም?»

«ተነሳ ተብለሃል፣ ተነሳ። ከዚህ ሌላ ምን ፈለግህ? ጫማህን ደግሞ አውልቀህ ግባ፤ ያንን ለሠርግ የገዛኸውን የሚጮህ ጫማ አድርገህ እንዳትመጣብኝ።»

ስለዚህ የእናቱን ነገድ ሊጨፍር ወሰነ። አባት ያልታወቀለት ሰው በእናቱ ቢነሳ የሚከለክለው የለም። ውርደት ነው እንጂ ኃጢአት አይደለም። ክሌቪስም ይህንኑ መከረው። ክሌቪስ ዓሣ አጥማጅ ነው፣ ሠላሳ ዓመት ከጋርኔት ጎን ሆኖ አጃቢ ከበሮ መትቷል። ነገ መሪውን የሚይዘው እሱ ስለሆነ ከሰሞኑ ደረቱ አልወርድ ብሏል።

«ኢግቦ ቀላል ነው፣ ብድግ ብድግ እያልክ መሳቅ ነው» አለው፣ ከድንጋዩ አልጋ አጠገብ ቆመው። «ደግሞ ከበሮውን ስትሰጠኝ ፊትህን አታጥቁረው። ሚስትህን ያስረከብከኝ ነው የሚመስለው።»

«ቆዳውን በኃይል እንዳትመታው።»

«ሠላሳ ዓመት ስታየኝ ምን ነበር የምመታ፣ ትራስ?»

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰው ተሰበሰበ። ግቢው ውስጥ ሦስት ድስት ሙሉ ገንፎ ሲማሰል ነው የዋለው። ለቀደሙት የሚቀርበው ማዕድ ዶሮው፣ ዓሣውና ሩዙ ተደርድሮበት፣ ድንጋዩ ካለበት ክፍል ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። እነሱ ሳይጠግቡ ሕያው እጅ አይነካውም። ሦስቱ ከበሮዎች በማንጎው ዛፍ ሥር ተደርድረዋል። የካፒቴን ሞርቲመር ትልቋ ልጅ ቪልማ ቤዶም ከሌስቴር ወንድሞቿን አስከትላ መጥታለች። የአባቷን ድንጋይ የሠራ ሰው ሲደግስ መምጣት ያባት ነው።

ታንቲ ኤልዲካ ወንበራቸው ላይ ተደላድለው ድግሱ የሚከፈትበትን፣ ከሙታን ይቅርታ የሚጠየቅበትን ዘፈን አወጡ። ጋርኔት ባዶ እግሩን ክቡ መሀል ገብቶ ተንበረከከ። ይህን ዘፈን ስንት ሺህ ጊዜ መትቶታል! ተንበርክኮ ሲሰማው ግን ሌላ ዘፈን ሆነበት። ያንን ጩኸቱን፣ «ሰክረሻል እንዴ» ያለውን አስታወሰና እማ ይቅር በይኝ አለ በልቡ። ሴቶቹ ተቀበሉ፣ መሬቱ ረጠበ፣ እሱም ተነስቶ ወደ ክቡ ዳር ወጣ።

ከዚያ ነገዶቹ መጠራት ጀመሩ። መጀመሪያ እንደ ወጉ ክሮማንቲ። ኮምፕተኖቹ ገቡ። ክሌቪስ መሪውን ከበሮ ክፉ አልመታውም፣ ትንሽ ቸኮለ እንጂ። ቀጥሎ ኢግቦ። ጋርኔት ሱሪውን ከፍ አድርጎ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ። የእናቱ የአጎት ልጆች ሦስቱ አሮጊቶች ቀድመውት ገብተው ነበርና ዞር ብለው አዩት። አልሳቁበትም። ቢስቁበት ይሻለው ነበር። ና ልጄ፣ ምን ታደርግ በሚል ዓይን ነው ያዩት፣ እዚያው ባለበት ደርቆ ቀረ። ወደፊትም ወደኋላም ማለት አቃተው። ዘፈኑ አለቀ።

ማንዲንጎ ተጠራ፣ ቆመ። ተምኔ ተጠራ፣ ቆመ። ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የሆነ መሰለው። ይሄኔ ከበሮው በጉልበቶቹ መሀል ቢሆን ኖሮ! እጆቹ የሚይዙት አጥተው ተንጠልጥለዋል። ኢዶሪን ለጎረቤቷ የሆነ ነገር ስታንሾካሹክ አያት። ለዚህ ነው ያስነሳሽኝ፣ እማ? አለ በልቡ። ተናደደባት፣ በገዛ ድግሷ ቀን ተናደደባት።

ታንቲ ኤልዲካ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ሌላ አወጡ። አጃቢዎቹ ጀመሩ። ክሌቪስ መሪውን ከበሮ አስገባ። ከባድ ነው፣ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ በአራተኛው ምት ላይ ዘግየት ይላል። ቻምባ ነው።

የጋርኔት ግራ እግር ተሰበሰበ።

ራሱ ነው የተሰበሰበው፣ አላዘዘውም። ከቀኙ ኋላ ሄዶ ተሸጎጠ፣ ጣቶቹም ታጠፉ። ጋርኔት ወደታች አየ። መሬቱ ደረቅ ነው። ውሃ ያፈሰሰበት የለም፣ በአጠገቡም ጠርሙስ የያዘ ሰው የለም። እግሩን ወደ ቦታው መለሰው። ክሌቪስ አራተኛው ላይ ዘግየት ሲል እግሩ እንደገና ሸሸ፤ ቀዝቃዛ ነገር ሊመጣበት እንደሆነ እርግጠኛ ነበር።

እናቱ ክቡን ስትዞር ታየችው። በየድግሱ አንድ ጊዜ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአንድ ምት ላይ ብቻ፣ አርባ ዓመት! እሱ የሰው እግር ሲያይ የራሱን አላየም። ጆሮው የማንንም ነገድ ምት ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱት ይለያል፣ ውሃው በየትኛው ላይ እንደሚመጣ ግን አንድም ቀን ልብ ብሎ አያውቅም። እግሩ ግን ቆጥሯል።

ስንት ጊዜ ልንገርህ?

ቀና ሲል ክቡ ውስጥ ቪልማ ቤዶ ቀሚሷን በሁለት እጇ ይዛ ትጨፍራለች። ወንድሞቿ ከኋላዋ ናቸው። አየችው፣ እግሩንም አየች። አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሄዳ አጠገቧ የአንድ ሰው ቦታ ለቀቀች። ያኔ ግቢውን ዞሮ ተመለከተ። አንድም የተገረመ ፊት የለም። ኢዶሪን እንኳን አፏን በእጇ ይዛ ታለቅሳለች። ሁሉም ያውቃሉ። ከእሱ በቀር የማያውቅ አልነበረም።

ጋርኔት ገባ።

ጨፋሪ አይደለም፤ እውነቱን ለመናገር ጉልበቱ ይንቋቋል፣ ትከሻውም የግንበኛ ትከሻ ነው። ግን የቻምባን ምት ከክሌቪስ ይልቅ እሱ ያውቀዋል፣ ሃምሳ ጨፋሪ ሲረግጠው ከእግራቸው ላይ ለቅሞታል። ከእህቱ ጎን ረገጠ። እህት የሚለው ቃል ሲመጣበት ደነገጠ፣ ግን ረገጠ። ክሌቪስ መቸኮሉን ትቶ እግሩን መከተል ጀመረ። እንባው በአገጩ ሲወርድ አልጠረገውም፣ ማንም ደግሞ ለምን አላለውም። ሲበቃው እንደ ወጉ ሄዶ ከበሮውን በእጁ ነካ፣ ዘፈኑም ቆመ።

«ቆዳውን አላልተኸዋል» አለው ክሌቪስን፣ እጁን ከቆዳው ሳያነሳ።

«አንተ ደግሞ እንደ አህያ ነው የጨፈርከው» አለ ክሌቪስ፣ አፍንጫውን በክንዱ እየጠረገ። «ና እቀፈኝ፣ ደደብ። ሠላሳ ዓመት ከጎንህ ሆኜ ውሃዋ እየተረጨብኝ ዝም ማለቴ ቀላል መስሎሃል?»

ሰው ወደ ገንፎው ሲያመራ ጋርኔት ታንቲ ኤልዲካ እግር ሥር ሄዶ ቁጢጥ አለ።

«ለማን ነው የማለችው?»

«ለካፒቴኑ ሚስት። አንተ ሆዷ ውስጥ እያለህ። ሴትዮዋ መጽሐፍ ቅዱሷን ይዛ መጣች፣ የባሌ ስም ከአፍሽ እንዳይወጣ አለቻት። ዩላሊም ማለች፣ እኔም ምስክር ሆኜ ማልኩ። እስክትሞት ከአፏ አልወጣም።» አሮጊቷ በድድ ብቻ ሳቁ። «ስለ እጇ ግን ማንም አላስማላትም።»

«እኔ እኮ የድንጋዩ ቀን...» አለ ጋርኔት። በካፒቴኑ ድንጋይ ላይ «ከሰባት ልጆቹ» ብሎ በገዛ እጁ መቅረጹ ትዝ አለው፤ «ሰባት» የምትለዋ ቃል አስቸግራው ሁለት ጊዜ አስተካክሏታል። «የሱ ድንጋይ የቆመ ቀን በሰው ፊት ሰክረሻል አልኳት።»

«ብለሃታል። ሰምቻለሁ።»

«ምን አለች? ለእርስዎ ምንም አላለችም?»

ታንቲ ኤልዲካ ለማጽናናት የሚዋሹ ሰው አይደሉም።

«አለቀሰች» አሉ። «ከዚያ 'አባቱን ከበሮ መትቶ ሸኘው፣ ድንጋዩንም ሠራለት፣ ሳያውቅም ቢሆን የልጅ ሥራውን ሠራ' አለችኝ። ከዚያ ገንፎ በላን። እስቲ አሁንም ገንፎ አምጣልኝ፣ ርቦኛል።»

አመጣላቸው።

እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን በፊት ድንጋዩን ከአልጋው አንስተው ወደ መቃብሩ ወሰዱት። ከፊት ክሌቪስና ጋርኔት፣ ከኋላ የቪልማ ሁለት ወንድሞች ይዘውታል። እንያዝ ያሉት ራሳቸው ናቸው። ጋርኔት መሠረቱን ቀድሞ አዘጋጅቶት ስለነበር ሥራው ብዙ አልፈጀም። ውሃ ልኩን አስቀምጦ አየ፣ በግራ በኩል ቀጭን ጠጠር ጨመረበት፣ እንደገና አየ። ቀጥ ብሏል።

ሌሎቹ እንደ ወጉ ጠብ ጠብ አድርገው ወደ በሩ ወጡ። እሱ ብቻውን ሲቀር ሙሉውን የውሃ ጠርሙስ ከፈተና ከድንጋዩ ግርጌ፣ እግሯ ባለበት በኩል፣ ባዶ እስኪሆን ድረስ ገለበጠው።

«ነግረሽኛል፣ እማ» አለ። «ነግረሽኝ ነበር።»

ጠርሙሱን አራግፎ ኪሱ ከተተና ሰዎቹ ወደሚጠብቁት ወደ በሩ ሄደ።